«ባለ»፦ ከባለቤት እስከ ባለይዞታ
የአንድ ቅድመ ቅጥያ ምንጭና ፍቺ

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ አንድ የጉለሌ ነዋሪ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ስም ይሰጠዋል። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ሲደርስ «ባለጉዳይ» ይባላል፤ ሰልፉ ሲደርሰው «ባለተራ» ይሆናል። ፋይሉን የምትመረምረው «ባለሙያ» ናት፤ የመጨረሻውን ፊርማ የሚያኖረው «ባለሥልጣን» ነው። ግብሩን ካልከፈለ «ባለዕዳ» ተብሎ ይመዘገባል፤ በቦታው ሰነድ ላይ ግን «ባለይዞታ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ወጥቶ ሽሮ ሜዳ ገበያ ሲገባ «ባለሱቁ» ባለ ጥለት ነጠላ ያወጣለታል፤ እሱም «ለባለቤቴ ነው» ብሎ ይገዛል። እነዚህ ቃላት ሁሉ በአንድ ቅድመ ቅጥያ ይጀምራሉ። ይሁን እንጂ ቅጥያው በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት መብት፣ አንድ ዓይነት ክብር ወይም አንድ ዓይነት ግዴታ አይሰጥም። «ባለ» ማለት «የ… ጌታ» ማለት ብቻ ነው ብሎ የሚያነብ ሰው፣ በተለይ በመሬትና በቤት ጉዳይ፣ ያልተሰጠውን መብት እንደተሰጠው ሊቆጥር ይችላል። ይህ ጽሑፍ የቅጥያውን ምንጭ፣ አሠራሩንና የፍቺውን ስፋት በየተራ ይመለከታል።

የቃሉ ምንጭ

«ባለ» በትምህርት ቤት ሰዋስው አጠራር «ባዕድ መነሻ» ከሚባሉት ወገን ይመደባል። በታሪኩ ግን ባዕድ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ስም የነበረ ቃል ነው። በግእዝ «ባዕል»፣ በሌላ አጻጻፍም «በዓል»፣ ጌታ፣ ባለንብረት፣ ባለጸጋ ማለት ነው። ይህ ስም ከሌላ ስም ጋር ሲናበብ መጨረሻው ወደ ግእዝ ድምፅ ይለወጥና «ባዕለ» ይሆናል፤ «ባዕለ ጸጋ»፣ «ባዕለ ቤት» እንደሚባለው። በአማርኛ የ«ዐ» የጉሮሮ ድምፅ ከአነጋገር ስለጠፋ «ባዕል» «ባል» ሆነ፤ «ባዕለ» ደግሞ «ባለ» ሆነ። ስለሆነም ዛሬ «ባለጸጋ» በሚለው ቃል ውስጥ የምትሰማው የ«ለ» ድምፅ የግእዝ ተናባቢ ምልክት ቅሪት ናት። ብቻውን የቀረው «ባል» የሚስት ባል ለሚለው ፍቺ ሲወሰን፣ ተናባቢው «ባለ» ወደ ቅድመ ቅጥያነት ተሸጋገረ።

ትግርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ስለጠበቀ የዚህን ጉዞ መካከለኛ ደረጃ ያሳያል። አማርኛ «ባለሙያ» የሚለውን ትግርኛ «በዓል ሞያ»፣ አማርኛ «ባለሀብት» የሚለውን «በዓል ሃብቲ» ይለዋል። በትግርኛው ቃሉ ገና እንደ ቃል ይታያል፤ በአማርኛው ከተከታዩ ጋር ተጣብቋል።

ሥሩ የሴማውያን ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ነው። በዕብራይስጥ «ባዓል» ጌታም ባልም ማለት ነው፤ «ባዓል ሀባይት» የሚለው ጥምረትም ቃል በቃል የአማርኛው «ባለቤት» ነው። በዐረብኛ «ባዕል» ባል ማለት ነው። በጥንታዊው አካድኛ ቃሉ የጉሮሮ ድምፁን እንደ አማርኛ አጥቶ «ቤል» ሆኗል፤ ባቢሎናውያንም ማርዱክ የተባለውን አምላካቸውን በዚህ ስም «ጌታ» እያሉ ይጠሩት ነበር። በከነዓን አገር ደግሞ ይኸው የማዕረግ ቃል የአምላክ ስም ሆኖ «በኣል» ተባለ፤ ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ የተከራከረው ከዚህ አምላክ ነቢያት ጋር ነበር። የካርታጎው የጦር አለቃ ሐኒባል ስሙ «በኣል ቸር ነው» ማለት ነው። የዚሁ ሥር ቅሪት «ብዔል ዜቡል» በሚለው ስም ውስጥም ይገኛል።

በትንቢተ ሆሴዕ ምዕራፍ 2 ያለው የቃል ጨዋታ ለአማርኛ ተርጓሚዎች ከባድ ፈተና የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዕብራይስጡ እስራኤል አምላኳን ወደፊት የምትጠራው «ሰው» በሚለው ቃል እንጂ «ጌታ» በሚለው፣ የጣዖቱም ስም በሆነው «ባዓል» አይሆንም ይላል፤ ሁለቱም ቃላት ባልን ይገልጻሉ። አማርኛ ግን ለባል ያለው የዘወትር ቃል ራሱ ከ«ባዓል» ሥር የወጣ ስለሆነ፣ ተርጓሚው የተወደደውን ስም «ባሌ»፣ የተጠላውን «በኣሌ» ብሎ ከአንድ ሥር የበቀሉ ሁለት ቃላትን ለማቃረን ይገደዳል።

ድምፅ ሲዋሐድ

ቅጥያው ከተከታዩ ቃል ጋር ሲገናኝ ሦስት ዓይነት ለውጥ ይታያል። ተከታዩ በተነባቢ ሲጀምር «ባለ» ሳይለወጥ ይቀራል፤ ባለቤት፣ ባለሙያ፣ ባለሥልጣን። ተከታዩ በ«አ» ሲጀምር ሁለቱ አናባቢዎች ይዋሐዳሉ፤ ባለ እና አገር «ባላገር»፣ ባለ እና አባት «ባላባት» ይሆናሉ፤ «ባለአደራ» በአነጋገር «ባላደራ» የሚሆነውም በዚሁ ሕግ ነው። ይህ ውሕደት በሌላም ቦታ የታወቀ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. ወደ ፓርላማ ሲሰለፉ ያነሡት «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር ውስጥ «ለአራሹ» «ላራሹ» የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ተከታዩ በ«እ» ሲጀምር ደግሞ ደካማው አናባቢ ወድቆ ቃሉ ያጥራል፤ ባለ እና እንጀራ «ባልንጀራ» ሆነዋል።

ሆኖም በ«ባለ» ወይም በ«ባል» የጀመረ ሁሉ የዚህ ቤተሰብ አባል አይደለም። ቀላሉ መለያ ቅጥያው ሲነሣ የሚቀረው ራሱን ችሎ የሚቆም ቃል መሆን አለመሆኑን ማየት ነው። «ባልዲ»፣ «ባልጩት» እና የቤት ድጋፍ የሆነው «ባላ» ይህን ፈተና አያልፉም። እንዲሁም «በ» እና «አለ» ተዋሕደው የሚያስገኙት «ባለ» ሌላ ነው። «እንዲህ ባለ ጊዜ» ሲባል የተናገረን ሰው ግሥ ያመለክታል፤ «ባለጊዜ» ሲባል ግን ዘመኑ የእርሱ የሆነለትን ሰው ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ዐውዱና በጽሑፍ ላይ ያለው ክፍተት ነው። በልማድም ቃሉ የጸና ስም ሲሆን ተያይዞ ይጻፋል፤ «ባለ ሁለት ፎቅ ቤት» እንደሚባለው ሐረግን ሲገልጽ ደግሞ ተለይቶ ይጻፋል።

ባለቤትነት ያልሆኑ ዝምድናዎች

የ«ባለ» የመጀመሪያ ፍቺ ጌትነትና ባለንብረትነት ቢሆንም በአማርኛ የሠራው ሥራ ከዚህ እጅግ ሰፍቷል። «ባለሱቅ» እና «ባለታክሲ» በመጀመሪያው ፍቺ ይነገራሉ፤ በልማድ ግን ሱቁን የሚሸጥበት ተቀጣሪም፣ ታክሲውን የሚነዳው ሹፌርም በዚሁ ስም ይጠራሉ። «ባለሥልጣን» ሥልጣኑን በውክልና ይሠራበታል እንጂ አይወርሰውም፤ አይሸጠውም። «ባለአደራ» ከሁሉ ይልቅ ይለያል፤ በእጁ ያለው ነገር የሌላ ሰው መሆኑ የስሙ መሠረት ነው። «ባለ ጥለት ነጠላ» ሲባል ደግሞ ነገሩ ጌታ ሊሆን ስለማይችል ቅጥያው «ያለው» የሚል የመግለጫ ሥራ ብቻ ይሠራል።

የዝምድናው አቅጣጫም ይለዋወጣል። «ባለዕዳ» ዕዳ ያለበት ነው፤ ዕዳው የሚያስከፍለው እሱን ነው። «ባለውለታ» ግን አብዛኛውን ጊዜ ውለታ የዋለና ሌሎች የሚመልሱለት ሰው ነው፤ «የአገር ባለውለታ» የሚባለው አገር ልታከብረው የሚገባት ነው። ነገር ግን «ባለውለታህ ነኝ» የሚል ሰው ራሱን ተበዳሪ ያደርጋል። ቅጥያው ውለታው ከማን ወደ ማን እንደሄደ አይናገርም፤ ሰውየውና ውለታው የተሳሰሩ መሆናቸውን ብቻ ይናገራል።

«ባልንጀራ» ይህን በግልጽ ያሳያል። ባልንጀራ የእንጀራ ጌታ አይደለም፤ አብሮ እንጀራ የሚቆርስ ነው። በዚህ ረገድ አማርኛ ብቻውን አይደለም። እንግሊዝኛ ባልንጀራን «ኮምፓኒየን» የሚለው በላቲን አብሮነትን ከሚያመለክተው «ኮም» ከተባለው ቅድመ ቅጥያና ዳቦ ማለት ከሆነው «ፓኒስ» ነው፤ ድርጅትን የሚያመለክተው «ካምፓኒ» የተባለው ቃልም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ጌታ የሚባለው «ሎርድ» እንኳ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «የዳቦ ጠባቂ» ከሚል ጥምር ቃል የመጣ ነው። ማዕድ በሁለቱም ቋንቋዎች ለወዳጅነት ስም ሰጥቷል፤ የእንግሊዝኛው ቅጥያ ግን አብሮነትን በግልጽ ሲናገር፣ የአማርኛው አብሮነቱን ለሰሚው ግንዛቤ ይተወዋል።

«ባለቤት» የሚለው ቃል ደግሞ ብቻውን የቅጥያውን ስፋት ይወክላል። የንብረት ጌታ ማለት ነው፤ ባልም ሚስትም ማለት ነው። ግእዝ ለሴት የተለየ ቅርጽ ነበረው፤ «በዓልተ ቤት» የቤት እመቤት ማለት ሲሆን ዛሬ ለአሮጊት የሚነገረው «ባልቴት» የዚያ ሐረግ ቅሪት ነው። አማርኛ ይህን የጾታ ልዩነት ስለተወው ወንዱም ሚስቱን «ባለቤቴ» ይላል። በሰዋስው ትምህርት ደግሞ የአንድ ዐረፍተ ነገር አድራጊ ክፍል «ባለቤት» ይባላል። በመሆኑም «ቤቱ ፈረሰ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሰዋስው ባለቤት ቤቱ ራሱ ነው፤ የቤቱ ጌታ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አልተጠቀሰም።

የጉለሌ ነባር ቋንቋ ምስክርነት

ጉለሌ የሚለው ስም አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመመሥረቷ በፊት በስፍራው ይኖሩ ከነበሩት የጉለሌ ኦሮሞዎች የተወሰደ ነው። በእነርሱ ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ የ«ባለ»ን ሥራ የሚሠራው አባት ማለት የሆነው «አባ» ነው። የአማርኛው ባለመሬት በኦሮምኛ «አባ ለፋ»፣ ባለሀብት «አባ ቀቤኛ»፣ የቤት አባወራ የሆነው ባል «አባ መና» ይባላል። የገዳ ሥርዓት መሪም «አባ ገዳ» ነው። አንዱ ቋንቋ ከጌትነት፣ ሌላው ከአባትነት ተነሥተው ወደ አንድ የሰዋስው ሥራ ደርሰዋል።

ይህ የኦሮምኛ አሠራር ወደ አማርኛ ተናጋሪው ቤተ መንግሥትም ገብቷል። የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ስም «አባ ዳኘው»፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «አባ ጠቅል»፣ የደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» ነበር። በእነዚህ ስሞች «አባ» ለመነኩሴ ከሚሰጠው መጠሪያ የተለየ ነው፤ ዳኘው፣ ጠቅል ወይም ነፍሶ የተባለው ፈረስ ጌታ ማለት ነው። በአማርኛ ቅጥያ ቢባል «ባለ ዳኘው» እንደማለት ነው።

ክብርና ንቀት

አንድ ቅጥያ የሰጠውን ክብር ዘመን ሊወስደው ይችላል። «ባላገር» በጥሬ ፍቺው የአገር ጌታ ነው። ከተማ ሲስፋፋ ግን ቃሉ ገጠሬን ማመልከት ጀመረ፤ በከተሜ አፍም ያልሠለጠነ ሰው መዝለፊያ ሆነ። «ባላባት» የታወቀ አባት ያለው፣ ዘሩ የሚቆጠር ማለት ነው፤ በምኒልክ ዘመን በደቡብ በተስፋፋው አስተዳደር ደግሞ መንግሥት ዕውቅና ሰጥቶት ከመሬቱ ድርሻ የተተወለትን የአካባቢ አለቃ ለማመልከት ዋለ። «ባለርስት» እና «ባለጉልት» የመሬት ሥርዓቱ ዐምዶች ነበሩ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲወጣ እነዚህ ቃላት ሕጋዊ መሠረታቸውን አጡ፤ በዘመኑ መፈክሮችም የጠላት መጠሪያ ሆኑ።

«ባለእጅ» የሚለውም እንዲሁ ነው። እጅ ያለው፣ እጁ ሥራ የሚያውቅ ማለት ሆኖ ሳለ ለቀጥቃጭና ለመሰል የእጅ ሥራ ሰዎች በንቀት ሲነገር ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን መከልከላቸው የንቀቱን ጥልቀት ያሳያል። በሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ድርና ማግ እያዋሐዱ የሚያወጡት ጥበብ ዛሬ የአገር ልብስ መገለጫ ሆኗል። ሸማኔውን «ባለሙያ» ብሎ መጥራት ቀድሞ በእጅ ሥራ ላይ ከተጫነው ስድብ ያላቅቀዋል። «እጅ» እና «ሙያ» በሥራው ላይ አይለያዩም፤ ቅጥያውም አንድ ነው፤ የተለያየው ማኅበረሰቡ ለተከታዩ ቃል የሰጠው ዋጋ ነው።

ባለቤት፣ ባለሀብት፣ ባለይዞታ

የቅጥያው ስፋት ከሁሉ ይልቅ በሕግ ፊት ይፈተናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይዞታንና ባለሀብትነትን ለያይቶ ያያል፤ ስለ ይዞታ ከአንቀጽ 1140፣ ስለ ባለሀብትነት ከአንቀጽ 1204 ጀምሮ ይደነግጋል። ይዞታ «ያዘ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን አንድን ነገር በእጅ አድርጎ በእርግጥ ማዘዝን ያመለክታል። ባለሀብትነት ግን በነገሩ ከመጠቀም አልፎ እስከ መሸጥና ማስተላለፍ የሚደርስ የመጨረሻው ሰፊ መብት ነው። በሕጉ ቋንቋ «ባለሀብት» የአንድ ነገር የሕግ ጌታ ነው፤ በዛሬው የከተማ ንግግር ደግሞ ገንዘብ ያለው ሰው ወይም ኢንቨስተር ማለት ሆኗል። የቃሉ ፍቺ እንዲህ ከተዘዋወረ በኋላ ሕግ የሚያነብ ተራ ነዋሪ ቢደናገር አያስገርምም።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ከዚያ በኋላ አንድ የከተማ ሰው ለመኖሪያው የሠራው ቤት ባለቤት ሊሆን ቢችልም የቦታው ባለሀብት መሆኑ ቀረ። ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆነ የተወረሱ ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ፤ ተከራዮቻቸውም በእነዚያ ቤቶች ልጅ ወልደው፣ ልጅ ድረው፣ ሐዘን ተቀምጠው ኖረዋል። የቀበሌ ቤት ነዋሪ የሆነች እናት ለጎረቤቶቿ «ባለቤት» ናት፤ እንግዳ የሚቀበል፣ ለዕድር የሚቆጠር ቤት አላትና። በቤቶች መዝገብ ላይ ግን «ተከራይ» ናት። በኑሮ ቋንቋና በመዝገብ ቋንቋ መካከል ያለው ርቀት ቤቱ ለልማት ሲፈለግ በድንገት ይገለጣል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን፣ መሬትም የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። በዚያው አንቀጽ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ በገነባው ቋሚ ንብረት ላይ ሙሉ መብት እንዳለው ተደንግጓል። እንግዲህ በአንድ አጥር ግቢ ውስጥ አንድ ሰው በሁለት ስም ይቆማል፤ ለቤቱ ባለቤት፣ ለመሬቱ ባለይዞታ ነው። የከተማ መሬት ምዝገባን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 818/2006 ራሱ የይዞታ ምዝገባ አዋጅ መባሉ በጥንቃቄ የተመረጠ ነው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት የሚለቀቅበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም የንብረት ካሣን የሚያሰላው በመሬቱ ላይ ለሰፈረው ንብረትና ለተደረገው ቋሚ ማሻሻያ ነው፤ የመሬቱን የገበያ ዋጋ አይከፍልም። ካርታውን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ «የመሬቴ ባለቤት ነኝ» ሲል የኖረ ሰው ልዩነቱን የሚማረው የካሣ ሒሳቡ በእጁ ሲገባ ከሆነ፣ ትምህርቱ ዘግይቷል።

ማጠቃለያ

«ባለ» ከግእዝ «ባዕለ» ወርዶ፣ የጉሮሮ ድምፁን ጥሎ፣ ከጌትነት ስምነት ወደ ዝምድና ማሳያነት የተሸጋገረ ቅጥያ ነው። ዛሬም ሕያው ነው፤ «ባለአክሲዮን» እና «ባለድርሻ አካል» የመሳሰሉት አዳዲስ ቃላት በእርሱ ይፈጠራሉ። የሚናገረው ግን ሰውና ነገር መተሳሰራቸውን ብቻ ነው። ትስስሩ ጌትነት ይሁን አደራ፣ ሥልጣን ይሁን ዕዳ የሚገልጸው ከእርሱ የሚከተለው ቃል ነው። ስለዚህ ውል የሚያረቅቅ፣ ሕግ የሚተረጉም ወይም ለባለጉዳይ ሰነድ የሚያነብ ባለሙያ ዓይኑን ማሳረፍ ያለበት ከ«ባለ» ቀጥሎ በሚመጣው ቃል ላይ ነው። የጉለሌው ነዋሪም ሰነዱን ተቀብሎ ከመፈረሙ በፊት «ባለ ምን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ስለ መብቱ ልኩን የሚነግረውን ጥያቄ ጠየቀ ማለት ነው።